ጂን ነው ያሉት የአንገቴ እጢ

ረመዳን ገብቷል፤ እኔም እየጾምኩ ነው። ደግሞም ተናድጃለሁ። ጿሚ ሰው ቁጣውን መዋጥ እንዳለበት ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም የሚሉኝም ብዙ ናቸው። ይህን ታሪክ ረጋ ብዬ ልጽፈው ሞክሬ ነበር። ረጋ ብዬ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ውሸት ሆኖ አገኘሁትና ቀደድኩት። ስለዚህ እንዳለ እጽፈዋለሁ። ባለፈው ወር የተሰጠኝ የደም ምርመራ ውጤት ደህና መሆኔን ይናገራል። "በሽታው ነው የሚያናግራት" ለማለት ያሰበ ካለ አይድከም።

ነጃት እባላለሁ። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከታይዋን ገበያ ጀርባ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከማርታ ጋር ሁለት የስፌት መኪና አስቀምጠን እንሠራለን። ማርታ የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ ናት፤ አያቷ ከደጋ ለሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ። እሷ የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋለች፣ እኔ አባያና ድሪያ የሚባለውን ሰፊ ስስ ቀሚስ፤ ሥራ ሲበዛ ግን የአንቺ የእኔ መባባል የለም። ባሌ ጀማል የፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን። እናቱ አዴ ሐሊማ ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ ነው የምትኖረው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም፤ አዴን "አንቺ" ስላት ሌላ አገር ያለ አንባቢ ንቄያት አይምሰለው።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት በሻዕባን ነው። ሻዕባን ከረመዳን በፊት ያለው ወር ነው፤ ለእኛ ለሰፊዎች ደግሞ በዓመት ውስጥ ቀና ብለን የማናይበት ወር። ሴቱ ሁሉ ለረመዳን ሌሊቶች የተራዊሕ ሶላት የሚለብሰውን፣ ለዒድ የሚያወጣውን ያኔ ያዛል። ልክ በዚያ ወር መርፌ ላይ ክር መሰካት አቃተኝ። ሃያ ዓመት የሠራሁት፣ ከሰው ጋር እያወራሁ የማደርገው ነገር ነበር። አሁን ግን ክሩን አሹዬ ወደ ቀዳዳው ሳስጠጋው ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ማርታ ታየኛለች፣ ተነስታ ትሰካልኝና ወደ መኪናዋ ትመለሳለች።

ቀጥሎ ሙቀቱ መጣ። ድሬ ውስጥ ሙቀት አዲስ ወሬ አይደለም። ግን ሰው በማለዳ ሻርፕ ደርቦ በሚሄድበት ወቅት የእኔ ላብ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። ቁጭ ብዬ ልቤ ይሮጣል፤ ደረጃ የወጣሁ ይመስል እተነፍሳለሁ። የሁለት ሰው ምግብ እበላለሁ፣ ቀሚሶቼ ግን ሁሉም ሰፉኝ። ራሴው ሁለት ጊዜ አጠበብኳቸው።

ከሁሉም የከፋው ንዴቱ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ የአባያዋ ጠርዝ መጣመሙን ነገረችኝ። ተጣሞ ነበር፤ እውነቷን ነው። እኔ መቀሱን አነሳሁና ልብሱን ዓይኗ እያየ ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት። ሴትየዋ ደንግጣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ማርታ ይቅርታ ጠይቃ ሸኘቻት፤ ሌላ ጨርቅ ገዝታም አዲስ ሰፍታ ሰጠቻት። ማታ ቤት ሄጄ አለቀስኩ። በማግስቱ ደግሞ ጀማል ላይ ጮህኩ፤ በምን እንደሆነ ዛሬ አላስታውሰውም።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። አገራችን ውስጥ ደክሞኛል ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ስም ይህ ነው። ሰባት ቀን መርፌ ተወጋሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። እዚያው ተመልሼ ስሄድ ታይፈስም አለብሽ ተባልኩ። ሁለተኛው ክሊኒክ የደም ማነስ ነው ብሎ ቪታሚን ሰጠኝ። ሦስተኛው ላይ አንድ ሐኪም ነበር፤ ከወረቀቱ ላይ ቀና አላለም። የሚያመኝን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ወደ ጀማል ዞሮ ቤት ውስጥ ትጨቃጨቃለች ወይ ብሎ ጠየቀው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነው። ጀማልም መሬት መሬት እያየ፣ ሰሞኑን ትንሽ ብሎ መለሰ። ጭንቀት ነው ተባለና የእንቅልፍ ኪኒን ተጻፈልኝ። ሌሊት ኪኒኑን ውጬ ስተኛ ልቤ ፍራሹን ሲደበድበው እሰማው ነበር፤ ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል እያልኩ አነጋለሁ።

ሦስት ቦታ ነው የሄድኩት። ሦስቱም ቦታ ሙቀቴን ለክተዋል፣ ደሜን ቀድተዋል፣ ሆዴን ተጭነዋል። አንገቴን ልይ ያለኝ ግን የለም። አንዱ ቦታ ሂጃቤን ላላ ላደርግ ስጀምር ነርሷ "ተይው፣ አያስፈልግም" አለችኝ። አክብራኝ መስሏት ይሆናል። ወይም ሰልፉ ረዝሞባት።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ረመዳን ገባ። ጾምኩ። ማንም ያስገደደኝ የለም፤ በሽተኛ መሆኔን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ከቀትር በኋላ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሰዓት አይሄድልኝም። በሁለተኛው ሳምንት አዴ ቤት ለኢፍጣር፣ ለጾም መፍቻው፣ ተጠርተን ሄድን። እንግዶች ነበሩ። አዴ ሾርባው ጨው አነሰው ብላ ትንሽ ቀለደችብኝ፤ ሠርቼ ይዤ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ የሆነውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። ማንኪያውን ወርውሬ ነበር። የማላስበውን ሁሉ ተናግሬ ነበር። አዴ ድምጿን ሳታነሳ፣ "ነጃት፣ አንቺ ተርበሽ ዋልሽ እንጂ አልጾምሽም" አለችኝ።

ያቺ ቃል ከመርፌው ሁሉ በላይ አመመችኝ። ምክንያቱም አመንኳት። ጾሜ ጾም እንዳልሆነ፣ ውስጤ የሆነ ክፉ ነገር እንደገባ ራሴ አመንኩ። ስለዚህ ዒድ አልፎ አዴ "ይሄ ጂን ነው፣ የሚያስወጣ ሰው አውቃለሁ" ስትል እምቢ አላልኩም። በገዛ እግሬ ነው ሚኒባሱ ላይ የወጣሁት። ይህን የምጽፈው ጥፋቱን ለሌላ ብቻ አሸክሜ እንዳልሄድ ነው።

ሰውዬው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚኖረው። ቁርኣን ሲቀራብኝ አልወቅስም፤ እንዲያውም ከዚያ ቀን ውስጥ ልቤን ያሳረፈኝ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዱላ አነሳ። የእግሬን መዳፍ ይመታ ጀመር። ስጮህ "እሱ ነው የሚጮኸው" አለ። ውሃ ስጡኝ ስል "እሱ ነው ውሃ የሚለው" አለ። ልቤን፣ ልቤን ብዬ ስለምን "ሊወጣ ነው፣ አጥብቃችሁ ያዙ" አለ። ምንም ብናገር የእኔ ቃል አልሆነም። እግሬን የያዘው ጀማል ነበር።

አራት ጊዜ ወሰዱኝ። በአራተኛው ስመለስ ቆሜ መሄድ አቃተኝ። አዴ እየተሻለኝ እንደሆነ ለጎረቤት ነገረች። እውነትም ዝም ብዬ ነበር፤ ለመቆጣትም አቅም ያስፈልጋል።

ያዳነኝ ሜትር ነው፣ የልብስ ሰፊ ሜትር። ወራት አልፈው ሌላ ሻዕባን ሊገባ ሲል ማርታ አንገቱ ዝግ የሆነ ቀሚስ እየሠራች፣ ደንበኛዋ የኔን ያህል ስለሆነች ልለካብሽ አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርንና ሻርፔን አወለቅኩ። ሜትሩን አንገቴ ላይ አዞረች። እንደገና አዞረች። ከዚያ የድሮ የልክ ደብተራችንን አውጥታ ገለጠች፤ የእኔም ልክ እዚያ ላይ ተጽፏል።

"ነጁ፣ ወገብሽ በአሥር ሳንቲሜትር ቀንሷል" አለች። "አንገትሽ ግን በሦስት ጨምሯል። ሲከሳ አንገቱ የሚወፍር ሰው አይቼ አላውቅም።"

ከዚያ መስታወቱን አነሳችና ፊት ለፊቴ ያዘችው። ዓይኖቼን እዪ አለችኝ። ዓይኖቼ ወደ ውጭ ወጥተው፣ የደነገጠ ሰው ዓይን ሆነው ነበር። በየቀኑ አየዋለሁ፤ አላየሁትም። ማርታ የጀመረችውን ቀሚስ እዚያው ትታ ሱቁን ቆለፈችና፣ "አቦ ቁሚ፣ እንሂድ" አለች። ለጀማል እንኳ አልደወልንም።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጠበቅን። አግዳሚው ሞልቶ ነበር። አንዲት አሮጊት ሱማሌ ሁኔታዬን አይታ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ፤ የእሷ ጉልበት ያበጠ ነበር። እምቢ ስላት በሱማሊኛ ተቆጣችኝ። ከዚያ አጠገቤ ቆማ በካርዷ እያራገበችኝ ቆየች። ስሟን አልጠየቅኳትም። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ቁጣ ሲያስደስተኝ ያ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሐኪሟ ሴት ነበረች። በሩን ዘጋችና ሂጃብሽን ላላ አድርጊልኝ አለችኝ። ውሃ በብርጭቆ ሰጥታ ዋጪ አለችኝና ስውጥ አንገቴን አየች። በሁለት እጇ ዳሰሰችው፤ የልብ ማዳመጫውን እዚያው አንገቴ ላይ አድርጋ ሰማች። እጆቼን አስዘርግታ በላያቸው ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠች። ወረቀቱ ነፋስ የመታው ይመስል ተንቀጠቀጠ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ዓመት ሊሞላው ነው አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች።

አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው። በሩን መዝጋት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ወረቀት። ታይፎይድ ተብዬ የተወጋሁት፣ የእንቅልፍ ኪኒን የዋጥኩት፣ እግሬ ያበጠው፣ ጾም አልጾምሽም የተባልኩት ሁሉ አምስት ደቂቃ የሚሰጠኝ ሰው ስላልተገኘ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

በሽታው የታይሮይድ ሕመም ይባላል። ታይሮይድ አንገታችን ላይ ያለች ትንሽ እጢ ናት፤ ሰውነታችን በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የምትወስነው እሷ ነች። የእኔ ከልክ በላይ እየሠራች ነበር። ሐኪሟ ሥራዬን ስትሰማ፣ የስፌት መኪናሽ ፔዳሉ ተረግጦ ቢቀር ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ። ክሩም ይበጠሳል፣ መርፌውም ይሰበራል አልኳት። ይኸው ነው አለችኝ። ልብ የሚሮጠው፣ ላቡ፣ መክሳቱ፣ መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው። መቆጣቱም። ይህን የመጨረሻውን ስትነግረኝ ማርታ እጄን ያዘች። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

የደሙ ውጤት በሳምንቱ ሲመጣ ጀማል አብሮኝ ነበር። ሐኪሟ ሁሉንም አስረዳችው። ወጥተን ሚኒባሱ ውስጥ ስንቀመጥ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ቆየ። እንዲናገርም አልፈለግኩም። ለቅሶዬ አልቆ ነበር፤ በቦታው ሌላ ነገር እየመጣ ነበር። ያኛው ንዴት እንደ ትኩሳት መጥቶ የሚሄድ ነበር። ይሄኛው ግን አድራሻ ነበረው።

ሐኪሟ ያን ዓመት መጾም ከለከለችኝ። ኪኒኑ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ነበር፤ ልቤም ገና አልተረጋጋም። ሕመምተኛ እንደሚፈቀድለት አውቃለሁ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ነው። ማወቅና ማድረግ ግን ይለያያል። ታይዋን አካባቢ በረመዳን ቀን ውሃ የያዘች ባለ ሂጃብ ሴት እንዴት እንደምትታይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሱቃችን ውስጥ የልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ገብቼ ነበር የምጠጣው። የማርታም ዐቢይ ጾም ስለነበር እስከ ከሰዓት እህል አትቀምስም፤ "ጠጪ፣ በሩ ላይ እኔ እቆማለሁ" ትለኛለች። አንድ ቀን ግን ደንበኛ ድንገት መጋረጃውን ገልጣ ኪኒን ስውጥ አየችኝ። በሳምንቱ ነጃት ጾም ትበላለች የሚለው ወሬ ሰፈራችን ደረሰ። አዴ ሰማችው። ለምን እንደማልጾም ጀማል ነግሯት ነበር፤ እሷ ግን ያ ሁሉ የተደከመበት ጂን ተመልሶ መጣ ብላ አዘነች። ያን ወር ከእኔ ጋር ማዕድ አልቀረበችም።

በሰው ፊት ከጎኔ የቆመች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ለሴቶች ቁርኣን የምታስተምር ኡስታዛ ልብስ ልታሰፋ መጥታ ደንበኞች ሲያንሾካሽኩ ሰማች። ሁሉም እየሰሙ ወደ እኔ ዞራ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ፣ የተፈቀደልሽን የሚነፍግሽ ሰው የለም አለችኝ። ከዚያ ልኳን አስለክታ ሄደች።

ኪኒኑ ወዲያው አያድንም፤ ይህን ለሚጀምሩት እነግራለሁ። ወር፣ ሁለት ወር ትዕግሥት ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ የሚጠፋበት ጊዜም አለ፤ ጀማል መኪናውን አቁሞ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር ሦስት ቀን ሳልወስድ ቀርቼ እጄ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሳይጋመስ መፈለግ ጀምሩ። ሌላው ደግሞ፣ ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ጉሮሮ ካመመና ትኩሳት ከመጣ ጉንፋን ነው ብሎ መቀመጥ የለም። ደምን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ይህንን የነገረችኝ ሐኪሟ ናት፤ ወረቀት ላይም ጽፋ ሰጥታኛለች።

ቀስ በቀስ እጄ ረጋ። አንድ ቀን ማርታን ሳልጠራ ክር ሰካሁ፤ ሁለታችንም አየነው። ቀዝቀዝ ባሉት ወራት ሐኪሟ ፈቅዳልኝ ያመለጠኝን ጾም ሰኞና ሐሙስ እያልኩ መለስኩ። ዘንድሮ ሻዕባን ሲገባ ምርመራ ሄድኩ። ውጤቴ ልክ ገብቷል፣ ኪኒኑ በቀን አንድ ሆኗል። በሱሑር፣ ከንጋት በፊት ስትበዪ ውሰጂው፣ ውሃ አብዢ፣ ልብሽ ከሮጠ ግን ያኔውኑ አፍጥሪ፣ እንዳትከራከሪ አለችኝ። ወደ ቤት ስሄድ ተምር ገዛሁ። ለልጆቹ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዛሁ። እንደ ሰው ረመዳንን ልቀበል ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

የሻዕባን የመጨረሻ ቀን አዴ ለሳምቡሳ ሊጥ ልታግዘኝ መጣች። ከታረቅን ወዲህ እንዲህ ቁጭ ብለን ስንሠራ የመጀመሪያችን ነበር፤ ታረቅን የምለውም ማንም ስለ ምንም ሳያነሳ መሸፋፈናችንን ነው። ሊጡን እየዳመጠች ደህና መሆኔን አይታ አላህን አመሰገነች። ቀጥላም ያ ሰውዬ ባያወጣልሽ ኖሮ ዛሬ እዚህ አትቀመጪም ነበር አለችኝ። ዋጥኩት። ወላሂ ዋጥኩት። ነገ ጾም ነው ብዬ ሥጋውን መሙላቴን ቀጠልኩ።

ከዚያ ስለ ራሕማ አነሳች። ራሕማ የጀማል ታናሽ እህት ናት፤ ከወለደች ሁለት ወር አልሞላትም፣ የታረሰችውም አዴ ቤት ነው። ከአልጋ ስትነሳ ያዞራታል፣ ታለቅሳለች፣ ልጇን ማቀፍ አትፈልግም። አዴ የወላድ ጂን ነው አለች። ነገ ከፀሐይ በፊት ያ ሰው ጋ እወስዳታለሁ፣ ጀማል ያደርሰናል አለች።

እጄን ከሊጡ አውጥቼ ታጠብኩ። "አዴ፣ ራሕማ ወደዚያ ሰው አትሄድም" አልኳት።

ልጄን አንቺ አትከለክይኝም አለች። አንቺን ያዳነሽን ለእሷ ትነፍጊያታለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

"እዚያ ስጮህ የነበርኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "ውሃ ስጡኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አልነበረም። አጠገቤ ቆመሽ ስምሽን እየጠራሁ እለምንሽ ነበር፤ እሷም ትለምንሻለች።"

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አዴ ይኸው ተመልሶ መጣባት በሚል ዓይን አየችኝ። ያኔ ጀማል በሩ ላይ መቆሙን አየን። ምን ያህል እንደሰማ አላውቅም። ወደ ውስጥ አልገባም፤ እዚያው ቆሞ እናቱን እያየ ነው የተናገረው።

"እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ" አለ። "ሁለት ዓመት ሙሉ እጄ ላይ አለ። የእህቴን አልይዝም። ነገ ሆስፒታል ነው የምወስዳት።"

አዴ መዳመጫውን አስቀምጣ ወጥታ ሄደች። ሳምቡሳውን ብቻዬን ጨረስኩት። ማታ ጨረቃዋ መታየቷ ተነገረ፤ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ጨፈሩ። ሱሑር ላይ ኪኒኔን በውሃ ዋጥኩና ለመጾም ነየትኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የረመዳን ጾሜ ነበር። ልቤን በእጄ ይዤ አዳመጥኩት፤ ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር።

ጠዋት ራሕማን ልንወስድ ስንሄድ አዴ ሕፃኑን በአንሶላ ጠቅልላ አቅፋ በሩ ላይ ጠበቀችን። አላናገረችንም፤ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ራሕማን ደግፌ ሳስነሳት እጇ በረዶ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ነርሱ የዓይኗን ሽፋን ዝቅ አድርጎ አየ፤ ውስጡ ወረቀት መስሏል። ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት ነበር፣ ከዚያም በኋላ ሳይቆም ቆይቷል፤ እሷም አፍራ ለማንም አልተናገረችም። ተኝታ ደም እንዲሰጣት ተወሰነ። ሐኪሙ አዴን ለብቻዋ ጠርቶ አነጋገራት። የራሕማ ደም ከዚህ ቢወርድ ልቧ አይችልም ነበር፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ሩቅ መንገድ ወስዶ ማንገላታት ሊገድላት ይችል ነበር አላት። አዴ ይህን ለእኛ የነገረችን ከቀናት በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሕፃኑን ከጉልበቷ አላወረደችም።

ቀኑን ሙሉ እዚያ ዋልን። ጀማል ወረቀት ይዞ ሲመላለስ፣ እኔ ራሕማ አጠገብና ኮሪደሩ ላይ ስፈራረቅ። ጠማኝ፤ ራሴንም አመመኝ። በየሰዓቱ የልቤን ምት እቆጥራለሁ፤ ፈርቼ ነበር። ደሙ ገብቶ ከሰዓት በኋላ የራሕማ ከንፈር መልክ ሲያወጣ አየሁ። ልጄን አምጡልኝ አለች። ከወለደች ወዲህ ልጇን ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ፣ ለመግሪብ ሶላት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አስታማሚው ሁሉ በኮሪደሩ ግድግዳ ሥር ተደረደረ። የማናውቀው ሰው በፌስታል ተምር እያዞረ ይሰጥ ነበር። አዴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አዛኑ ሲሰማ ከራሷ ድርሻ አንድ ተምር አንስታ ወደ እኔ ዘረጋች። ተቀብያት አፈጠርኩ። እሷ አልበላችም።

"ነጃት፣ አፉ በይኝ" አለችኝ።

ረመዳን ሲገባ ሰው ሁሉ ይቅር በለኝ ይባባላል፤ ለወጉ ያህል ነው፣ መልሱም ይታወቃል። እሷ ግን ለወጉ እንዳልሆነ ዓይኗ ይናገር ነበር። የሚጠበቅብኝን መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም አለኝ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ኮሪደር፣ ጾሜን እንደያዝኩ የዋልኩት እኔ ልዋሽ አልፈለግኩም።

"ዛሬ አልችልም፣ አዴ" አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ትነሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ተምሯን በላችና ፍሬውን በመሐረቧ ጠቀለለች።

"እሺ" አለች። "ረመዳን ገና መጀመሩ ነው።"

በማግስቱ ራሕማ አልጋ አጠገብ ስናፈጥር ጠየቀችኝ። በሦስተኛውም ቀን ጠየቀችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። ተምሬን ግን ከእጇ ነው የምቀበለው።